የሊዮን ሴቶች ከየት መጡ? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ሰላም ናችሁ ውድ አንባቢዎች! ባለፈው እትም ስለ አውሮፓ ሴቶች ቻምፒየንስ ሊግ አጭር ነገር ጽፈን ነበር፣ ከዛ በኋላ የመጣው መልእክት ግን አብዛኛው ስለ አንድ ክለብ ሆነ፣ ስለ ፈረንሳዩ ሊዮን። ስለዚህ ዛሬ ሌላ ነገር አንነካም፣ አምዱን በሙሉ ለነሱ ሰጥተናል። ዓመተ ምህረቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሰላም ለአዘጋጁ። እኔና የዶርም ጓደኛዬ ተከራክረን ተከራክረን መስማማት አቃተን። እሱ የሊዮን ሴቶች ቡድን በ2004 የወንዶቹ ክለብ ሀብታም ፕሬዝዳንት ከምንም ተነስቶ የፈጠረው ነው ይላል፣ እኔ ከዛ በፊትም ነበረ እላለሁ። አሁን ደግሞ ኦኤል ሊዮኔስ የሚል ስም ሳይ ጭራሽ ግራ ገባኝ። ሌላ ክለብ ነው እንዴ? (ከባህር ዳር)

መልስ፦ ወንድሜ ትክክሉ አንተ ነህ፣ በጓደኛህ ግን አትፍረድበት፣ ብዙ ቦታ የሚጻፈው የዋንጫ ዝርዝር ከ2004 ወዲህ ያለው ብቻ ስለሆነ እንደሱ የሚያስበው ሰው ብዙ ነው። ቡድኑ የተመሰረተው በ1970 ነው። ያኔ ኦሎምፒክ ሊዮን (የወንዶቹ ክለብ) ውስጥ አልነበረም፣ ኤፍሲ ሊዮን የሚባል የዛው ከተማ ሌላ ክለብ የሴቶች ቡድን ነበር። ይሄ ኤፍሲ ሊዮን ደግሞ ዝም ብሎ የሰፈር ቡድን አይደለም፣ በ1991፣ በ1993፣ በ1995 እና በ1998 የፈረንሳይ ሻምፒዮን ሆኗል፣ በ2003 እና በ2004 ደግሞ የሀገሪቱን ዋንጫ (እንደ ጥሎ ማለፍ በለው) ወስዷል። እንግዲህ የወንዶቹ ክለብ ፕሬዝዳንት ዣን ሚሼል ኦላስ በ2004 ቡድኑን ወደ ኦሎምፒክ ሊዮን ሲያመጣው የተረከበው ዋንጫ የለመደ ቡድን ነው፣ አሰልጣኙ ፋሪድ ቤንስቲቲ ራሱ ኤፍሲ ሊዮን እያለ ጀምሮ የነበረ ሰው ነው፣ አብሮ ነው የተሻገረው። ከምንም የተፈጠረ ነገር የለም።

1970 ላይ ግን ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ያ ዓመት ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። ፈረንሳይ ውስጥ ሴቶች ኳስ መጫወት የጀመሩት በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው፣ በ1917 ፓሪስ ላይ ፌሚና ስፖርት የሚባል ክለብ ልጆች ተጫውተዋል፣ በ1920 ደግሞ የፈረንሳይ ሴቶች ቡድን እንግሊዝ ሄዶ ከዲክ ከር ፋብሪካ ሴት ሠራተኞች ቡድን ጋር በብዙ ሺ ሕዝብ ፊት ገጥሟል። ከዛ ነገሩ እየቀዘቀዘ መጣና በሁለተኛው ጦርነት ጊዜ፣ በ1941፣ የቪሺ መንግሥት (ከናዚ ጀርመን ጋር የተባበረው የፈረንሳይ መንግሥት) ሴቶች ኳስ እንዳይጫወቱ ብሎ ጭራሽ ከለከለ። ጦርነቱ አልቆም ቢሆን ፌዴሬሽኑ ለብዙ ዓመት ዘወር ብሎ አላያቸውም።

በሩን የከፈተው ነገር የመጣው ከሬምስ ከተማ ነው። ሬምስ ያኔ ወንዶቹ ትልቅ ስም ያላቸው ከተማ ነው፣ ሁለት ጊዜ የአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ የደረሱ። በ1968 እዛ ከተማ ሉንየን የሚባል ጋዜጣ ላይ የሚሠራ ፒየር ዠፍሯ የሚባል የስፖርት ጋዜጠኛ ነበረ፣ ጋዜጣው ለሚያዘጋጀው ዓመታዊ ዝግጅት ሰው የሚስብ አዲስ ነገር ፈልጎ በጋዜጣው ላይ ኳስ መጫወት የምትፈልጉ ሴቶች ኑ ብሎ አስነገረ። ሀሳቡ በቃ የአንድ ቀን መዝናኛ ነው፣ ልጆቹ ግን መጡ፣ ተጫወቱ፣ ተመልካቹም ወደደው፣ እነሱም ወደ ቤታችን አንመለስም አሉ። ዠፍሯም አሰልጣኝ ሆኖ ቀረ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ መጋቢት 1970 ላይ፣ የፈረንሳይ ፌዴሬሽን የሴቶችን እግር ኳስ በይፋ ተቀበለ፣ የሊዮኖቹም ቡድን የተወለደው በዛው ዓመት ነው። በቀጣዩ ዓመት ሚያዝያ 17፣ 1971 ሀዝብሩክ በምትባል የሰሜን ፈረንሳይ ከተማ ፈረንሳይ ኔዘርላንድስን 4 ለ 0 አሸነፈች፣ ፊፋ ዛሬ የመጀመሪያው ኦፊሴላዊ የሴቶች ኢንተርናሽናል ጨዋታ ብሎ የሚቆጥረው ይሄንን ነው። ብሔራዊ ቡድኑን ያሰለጠነው ማን መሰለህ? ዠፍሯ ነው፣ ከልጆቹም ብዙዎቹ የሬምስ ናቸው።

ሊጉም በ1974-75 ሲጀመር የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዋንጫዎች የወሰደው ሬምስ ነው፣ በኋላ ሁለት ጨምሮ አምስት አድርሷል። በነገራችን ላይ ከሬምስ ጋር እየተቀባበለ ሦስት ጊዜ ሻምፒዮን የሆነው ኤትሩንግ የሚባል ቤልጂየም ድንበር አካባቢ ያለ የገጠር መንደር ቡድን ነው፣ በ1978፣ 1979 እና 1981። መንደር! ያኔ ገንዘብ ስለሌለ ልጆች ሰብስቦ በደንብ ያሰለጠነ ሁሉ ያሸንፍ ነበር። እኔ የዛ ዘመን ታሪክ ሲረሳ ያናድደኛል፣ እነዛ ሰዎች ያለ ደሞዝ ያቆሙት ነገር ላይ ነው ሁሉም በኋላ የመጣው።

ስሙን በተመለከተ ደግሞ፣ ክለቡ ያው ራሱ ነው። ሚሼል ካንግ የምትባል ኮሪያ የተወለደች አሜሪካዊት ባለሀብት የሴቶቹን ቡድን ከወንዶቹ ለይታ ገዛችው፣ የአሜሪካው ዋሽንግተን ስፒሪት እና የእንግሊዙ ለንደን ሲቲ ላየነስስም የሷ ናቸው። ግንቦት 2025 ላይ ስሙ ኦኤል ሊዮኔስ ተባለ፣ አርማውም ሴት አንበሳ ያለበት ሆነ። ከጓደኛህ ጋር ስትገናኙ እንግዲህ እንዲህ በለው፦ ኤፍሲ ሊዮን፣ ኦሎምፒክ ሊዮን፣ ኦኤል ሊዮኔስ፣ ሦስት ስም ያለው አንድ ቡድን።

ጥያቄ፦ ሰላም፣ እኔ ዱባይ ነው የምኖረው፣ ማታ ከሥራ ስገባ ኳስ አያለሁ። ሊዮን 14 ጊዜ በተከታታይ ሊጉን ወሰደ ሲባል ሰምቼ ውሸት መስሎኝ ነበር። እንዴት ነው የሚቻለው? ገንዘብ ብቻ ነው? (ከዱባይ)

መልስ፦ እህቴ ውሸት አይደለም፣ ከ2007 እስከ 2020 ድረስ 14 ዓመት ሙሉ ማንም አልቀማቸውም። በ2014-15 በሊጉ የተጫወቱትን 22 ጨዋታ 22ቱንም አሸንፈዋል፣ አቻ እንኳን የለም።

ገንዘብ አለበት፣ እሱን መደበቅ አይቻልም። ግን ገንዘቡ ምን ላይ እንደዋለ ካላየን መልሱ ግማሽ ነው። ኦላስ የሶፍትዌር ኩባንያ የመሰረተ ነጋዴ ነው፣ ክለቡን ከ1987 እስከ 2023 በፕሬዝዳንትነት መርቷል፣ ወንዶቹም ከ2002 እስከ 2008 በተከታታይ ሰባት ጊዜ ሊጉን ወስደዋል። ይሄ ሰውዬ ሴቶቹን ሲያመጣ ያደረገው ትልቁ ነገር ለኔ ተጫዋች መግዛቱ አይደለም፣ ወንዶቹ ባሉበት የልምምድ ማዕከል ማስገባቱ ነው። ሜዳው ያው፣ ሐኪሙ ያው፣ ፊዚዮው ያው፣ ጂሙ ያው። ያኔ ሌላው የፈረንሳይ ክለብ ውስጥ ያለች ልጅ ቀን ቢሮ ወይ ሱቅ ውላ ወይ ተምራ ማታ ደክሟት ነው ልምምድ የምትሄደው፣ የሊዮኗ ግን ጠዋት ተነስታ ኳሷን ትሠራለች፣ ትበላለች፣ ታርፋለች፣ ሥራዋ ይሄ ነው። በ2009 አካባቢ ፌዴሬሽኑ ለሴቶች የሙሉ ጊዜ ኮንትራት ሲፈቅድ ሊዮን ሌሎቹ ገና ሲያስቡበት ፈረመ። እንግዲህ አስቢው፣ አንዷ በቀን ትሠለጥናለች ሌላዋ ከሥራ በኋላ፣ ይሄ ልዩነት በዓመት ሳይሆን በአምስት በስድስት ዓመት ሲጠራቀም ነው 7 ለ 0 እና 8 ለ 0 የሚሆነው።

ሌላው ያልተወራለት ነገር ከተቀናቃኝ መውሰዳቸው ነው። ከነሱ በፊት ሊጉን በ2004 እና 2005 የወሰደው ሞንፔሊየ ነበር፣ በ2006 ክረምት ሶንያ ቦምፓስቶር እና ካሚል አቢሊ ከሞንፔሊየ ወደ ሊዮን ሄዱ፣ በቀጣዩ ዓመት ሊዮን የመጀመሪያውን ወሰደ፣ ከዛ ወዲያ ማንም አላቆማቸውም። በ2008 ስዊድናዊቷ ሎታ ሼሊን መጣች፣ በ2010 ብሪታኒ በሚባል የፈረንሳይ ክፍል ያደገችው ዩጂኒ ለ ሶሜር ከስታድ ብሪዮሻን፣ እንደዚህ እያለ ቀጠለ፣ በኋላ ጃፓናዊቷ ሳኪ ኩማጋይ፣ ጀርመናዊቷ ማሮዣን፣ ኖርዌያዊቷ አዳ ሄገርበርግ፣ እንግሊዛዊቷ ሉሲ ብሮንዝ፣ ለአጭር ጊዜም ቢሆን አሜሪካኖቹ ሜጋን ራፒኖ እና አሌክስ ሞርጋን ሳይቀሩ። ሊጉን አሰልቺ አድርገውታል የሚል ክስ አለ፣ እኔም በከፊል እስማማለሁ፣ ውጤቱ ከመጀመሩ በፊት የታወቀ ጨዋታ ማን ያያል? ግን ጥፋቱን ሊዮን ላይ ብቻ መጫን ልክ አይመስለኝም፣ ሌሎቹ ትልልቅ ክለቦች የሴት ቡድናቸውን ችላ ብለው ነው የኖሩት፣ የፓሪሱ ፒኤስጂ እንኳን በቁም ነገር ገንዘብ ማውጣት የጀመረው ከ2012 ወዲህ ነው።

ደግሞ ሁሉም ተገዝታ የመጣች አይደለችም። ዌንዲ ሬናርድን ውሰጂ። ማርቲኒክ ደሴት ላይ የተወለደች ልጅ ናት፣ አባቷ በካንሰር የሞቱት እሷ 8 ዓመቷ እያለ ነው። በ16 ዓመቷ ከካሪቢያን ባሕር ተነስታ ፓሪስ አጠገብ ወዳለው ክሌርፎንቴን፣ ማለትም የፌዴሬሽኑ ማዕከል፣ ለሙከራ መጣች፣ አልተቀበሏትም። አስቢው፣ ያን ሁሉ ውቅያኖስ አቋርጠሽ መጥተሽ አይሆንም ስትባዪ። ወደ ቤቷ ከመመለሷ በፊት ሊዮን ሄዳ ተሞከረች፣ ቤንስቲቲ አይቷት ያዛት። ያቺ ልጅ ቁመቷ 1 ሜትር ከ87 ነው፣ ተከላካይ ሆና ከማዕዘን ምት በጭንቅላት የምታገባው ጎል ለአጥቂ ያሳፍራል፣ የክለቡም የብሔራዊ ቡድኑም አምበል ሆነች፣ ክለቡ የወሰዳቸውን 8 ቻምፒየንስ ሊጎች በሙሉ ወስዳለች። ክሌርፎንቴን ያጣትን ሊዮን አገኛት፣ ይሄ በገንዘብ አይደለም፣ ዓይን ያለው አሰልጣኝ ስለነበረ ነው።

ጥያቄ፦ በአጭሩ ስንት ዋንጫ አላቸው? አንዱ 18 ይላል ሌላው 22 ይላል። (ከአዳማ)

መልስ፦ ሁለቱም ልክ ነው። በኦሎምፒክ ሊዮን ስም እስከ 2025 ድረስ 18 የሊግ ዋንጫ፣ የኤፍሲ ሊዮን 4 ሲጨመር 22። እኔ 22 ነው የምለው፣ ምክንያቱን ከላይ ጽፌዋለሁ። ቻምፒየንስ ሊግ ደግሞ 8፦ 2011፣ 2012፣ ከ2016 እስከ 2020 አምስቱን በተከታታይ፣ እና 2022።

ጥያቄ፦ ከፍጻሜዎቻቸው የትኛውን ፈልጌ ልይ? አንድ ብቻ ምረጥልኝ፣ ሙሉ ጨዋታ ለማየት ጊዜ የለኝም። (ከአዲስ አበባ፣ ሳሪስ)

መልስ፦ አንድ ብቻ ከሆነ የ2017ቱን መለያ ምት። ካርዲፍ ላይ ነው፣ ሊዮን ከፒኤስጂ፣ ሁለት የፈረንሳይ ቡድን ለአውሮፓ ዋንጫ። 120 ደቂቃው 0 ለ 0 አለቀ፣ እውነት ለመናገር ጨዋታው ራሱ ያን ያህል አይደለም፣ ሁለቱም ፈርተው ነው የተጫወቱት። ፍጹም ቅጣት ምቱ ግን ሲሄድ ሲሄድ 6 ለ 6 ደረሰና ተራው የበረኞቹ ሆነ። መጀመሪያ የፒኤስጂዋ በረኛ ፖላንዳዊቷ ኪየድርዚኔክ መጣች፣ መታች፣ ወደ ውጭ። ከዛ ያቺው ጎል ላይ ቆማ የነበረችው የሊዮኗ ሳራ ቡሃዲ ጓንቷን እንዳደረገች ኳሱን አስተካክላ አስቀመጠች፣ ራሷ መታች፣ አገባች፣ አለቀ። በረኛ በረኛ ላይ አግብታ የአውሮፓ ዋንጫ ስታመጣ ሌላ ቦታ የት ታያለህ? ቡድኗ ሮጦ ሲደርስባት ያለውን ነገር ሳታይ እንዳትዘጋው።

ይሄንን ይበልጥ የሚያጣፍጠው ደግሞ በ2010 የደረሰባቸው ነገር ነው፣ ያኔ የመጀመሪያ ቻምፒየንስ ሊግ ፍጻሜያቸው ነበር፣ ማድሪድ አጠገብ ጌታፌ ላይ፣ ከጀርመኑ ቱርቢን ፖትስዳም ጋር፣ ያም 0 ለ 0 አልቆ በመለያ ምት ልክ በዛው 7 ለ 6 ውጤት ተሸነፉ። በዓመቱ ለንደን ክሬቨን ኮቴጅ ላይ ያንኑ ፖትስዳምን አግኝተው 2 ለ 0 መለሱላቸው፣ የመጀመሪያዋን ጎል ያገባችው ሬናርድ ናት።

አይ ጎል ነው የምፈልገው ካልክ የ2019ኙን ቡዳፔስት ላይ እይ፣ ባርሴሎናን 4 ለ 1። በ30 ደቂቃ ውስጥ 4 ለ 0 ነበር፣ ሄገርበርግ ሀትሪኳን የጨረሰችው በ16 ደቂቃ ልዩነት ነው። ባርሳዎቹ ያን ቀን ምን እንደደረሰባቸው ሳይገባቸው ነው ዕረፍት የወጡት፣ በመጨረሻው ላይ አንዷን የመለሰችላቸው የኛዋ አፍሪካዊት ናይጄሪያዊቷ አሲሳት ኦሾአላ ናት። ባርሴሎና ዛሬ ያለበት ደረጃ ለመድረስ ያን ቀን ብዙ ተምሯል ብዬ አምናለሁ፣ በ2024 ቢልባኦ ፍጻሜ ላይ ሊዮንን 2 ለ 0 ሲረታ ልዩነቱ ተገልብጦ ነበር።

ጥያቄ፦ ታድያ የ14 ዓመቱን ተከታታይ የሊግ ዋንጫ ማን ሰበረው? (ከጎንደር)

መልስ፦ ፒኤስጂ፣ በ2020-21። ኅዳር 2020 ላይ ፓሪስ ውስጥ 1 ለ 0 አሸነፏቸው፣ ያገባችው ማሪ አንቷኔት ካቶቶ ናት፣ በዛች ጎል ሊዮን በሊጉ ያለ ሽንፈት ይዞት የነበረው 80 ጨዋታ ተቋረጠ። ዓመቱ ሲያልቅ ፒኤስጂ በአንድ ነጥብ በልጦ ሻምፒዮን ሆነ፣ 62 ለ 61። በዛው ዓመት በቻምፒየንስ ሊግ ሩብ ፍጻሜም ሊዮን ፓሪስ ላይ 1 ለ 0 አሸንፎ በሜዳው 2 ለ 1 ተሸንፎ ከሜዳ ውጭ በገባ ጎል ወደቀ። ሊዮኖች በዚህ ተበሳጭተው አሰልጣኙን ቀይረው የቀድሞ አምበላቸውን ቦምፓስቶርን አመጡ፣ እሷም በመጀመሪያ ሙሉ ዓመቷ ሊጉን መለሰች፣ በ2022 ደግሞ ቱሪን ላይ ባርሴሎናን 3 ለ 1 አሸንፋ ይሄንን ዋንጫ በተጫዋችነትም በአሰልጣኝነትም የወሰደች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። በኔ ግምት ያ የ2022 ዋንጫ ከስምንቱ ሁሉ ይበልጣል፣ ምክንያቱም ያን ጊዜ ባርሴሎና ነበር የሚፈራው፣ ሊዮን አረጀ ተብሎ ነበር። አማንዲን ኦንሪ በ6ኛው ደቂቃ ከሩቅ የመታችውን ኳስ ያየ ሰው ማርጀት ምን እንደሆነ እንደገና ያስባል።

ጥያቄ፦ እኔ የሦስት ልጆች እናት ነኝ፣ ልጄ ኳስ ትጫወታለች፣ መጽሔታችሁን ታነብልኛለች። አንዷ የሊዮን ተጫዋች ስታረግዝ ደሞዝ ከለከሏት የሚባል ነገር ሰማሁ፣ እውነት ነው? ልጄን ወደዚህ ሥራ ስልክ የሚገጥማት ይሄ ከሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ። (ከደሴ)

መልስ፦ እናቴ ጥያቄዎት ከዛሬዎቹ ሁሉ ከባዱ ነው፣ በደንብ ልመልስልዎት።

አዎ እውነት ነው። ተጫዋቿ ሳራ ብዮርክ ጉናርስዶቲር ትባላለች፣ አይስላንዳዊት ናት፣ የሀገሯ አምበል የነበረች። በ2020 ከጀርመኑ ቮልፍስቡርግ ወደ ሊዮን መጣች፣ እንደመጣች በዛው ክረምት ሳን ሴባስቲያን ላይ በተደረገው ፍጻሜ የቀድሞ ክለቧን ቮልፍስቡርግን ገጥማ ሦስተኛዋን ጎል አገባች፣ ዋንጫ ይዛ ገባች ማለት ነው። በ2021 አረገዘች። ወልዳ ለመመለስ ከክለቡ ጋር ተነጋግራ ወደ ሀገሯ ሄደች፣ ከዛ ደሞዟን ባንክ ስታይ የጠበቀችው አልገባም፣ በቀጣዩ ወርም እንደዛው። ጠየቀች። ክለቡ የፈረንሳይ ሕግ ነው የምከተለው የሚል አቋም ነበረው። እሷ ግን ዝም አላለችም፣ የዓለም ተጫዋቾች ማኅበር ፊፍፕሮ አግዟት ጉዳዩን ወደ ፊፋ ወሰደችው። ፊፋ እኮ ከ2021 መጀመሪያ ጀምሮ ሴት ተጫዋች ቢያንስ የ14 ሳምንት የወሊድ ፈቃድ ከክፍያ ጋር ይኑራት፣ ክለብም በእርግዝና ምክንያት እንዳያባርራት የሚል ደንብ አውጥቶ ነበር። በ2022 ፈረዱላት፣ ክለቡ ከ82 ሺ ዩሮ በላይ እንዲከፍላት ተወሰነ፣ እሷም ጥር 2023 ላይ ታሪኩን ራሷ ጽፋ ለዓለም አሳወቀች። በአዲሱ ደንብ እንደዚህ ሙሉ በሙሉ ተፈርዶላት የወጣች የመጀመሪያዋ ተጫዋች ናት።

እኔ ይሄንን ክለብ የምወደው ለሴቶቹ ከወንዶቹ እኩል ሜዳ በመስጠቱ ነው፣ ለዛም ነው ይሄ ነገር ያሳዘነኝ። ሜዳና ሐኪም እኩል ሰጥቶ ሴት ልጅ ስታረግዝ ምን እንደሚደረግ አለማሰብ፣ ያ ትልቅ ጉድለት ነው፣ በዓለም አንደኛ ከተባለ ክለብ ደግሞ አይጠበቅም።

ግን ታሪኩ እዛ ላይ አላበቃም። በዛው ክለብ አሜል ማጅሪ የምትባል ተከላካይ ነበረች፣ በ2022 ክረምት ሴት ልጅ ወለደች፣ ከዛ ተመልሳ መጫወት ብቻ ሳይሆን በ2023 ብሔራዊ ቡድኑ ሲጠራት ሕፃኗን ይዛ ክሌርፎንቴን ገባች፣ በፈረንሳይ ቡድን ታሪክ እንዲህ ያደረገች የመጀመሪያዋ ናት፣ እስከ አውስትራሊያው የዓለም ዋንጫ ድረስ ልጇን ይዛ ሄዳለች። ስለዚህ እናቴ፣ ልጅዎት ክለብ ስትፈርም ወረቀቱን አብረው ያንብቡ፣ ስለ ጉዳት፣ ስለ ሕክምና፣ ስለ ወሊድ ምን እንደሚል ፊት ለፊት ይጠይቁ፣ ካልተጻፈ ይጻፍ ይበሉ። የፊፋ ደንብ ከጎንዎት ነው፣ ሳራ ያሸነፈችው ደንቡን አውቃ ስለጠየቀች ነው።

ጥያቄ፦ አፍሪካዊት ለሊዮን ተጫውታ ታውቃለች? (ከሀዋሳ፣ የ15 ዓመት ተማሪ ነኝ፣ አጥቂ ነኝ)

መልስ፦ አዎ እህቴ! አሁን ያነሳናት ማጅሪ ራሷ ቱኒዚያ ሞናስቲር የተወለደች ናት፣ የተጫወተችው ግን ለፈረንሳይ ነው። አንቺ የምትፈልጊያት ግን አጥቂ ስለሆንሽ ታቢታ ቻዊንጋ ትመስለኛለች፣ የማላዊ አምበል። ሩምፊ በምትባል የሰሜን ማላዊ አካባቢ ከወንዶች ጋር እየተጫወተች ያደገች ልጅ ናት። በ2014 ገና ልጅ እያለች ስዊድን ሄደች፣ መጀመሪያ የገባችው ትልቅ ክለብ አይደለም፣ ዝቅተኛ ዲቪዚዮን ውስጥ ያለ ትንሽ ቡድን ነው፣ እዛ እያገባች እያገባች ወጣች፣ ከዛ ቻይና፣ ከዛ ጣሊያን ኢንተር ሚላን ሄዳ የሊጉ ኮከብ ጎል አግቢ ሆነች፣ ከዛ ፒኤስጂ፣ በ2024 ክረምት ደግሞ ሊዮን አስፈረማት፣ በመጀመሪያው ዓመቷ የሊጉን ዋንጫ አነሳች። ታናሽ እህቷ ቴምዋ ደግሞ በዛው በ2024 አሜሪካ ሊግ ውስጥ ለካንሳስ ሲቲ 20 ጎል አግብታ ኮከብ ጎል አግቢም ኮከብ ተጫዋችም ተብላለች።

የታቢታን ቪዲዮ ስታዪ ጎሉን ብቻ አትዪ፣ ኳስ ከመቀበሏ በፊት ከተከላካዩዋ ጀርባ እንዴት እንደምትጠፋና ልክ ኳሱ ሲለቀቅ እንዴት እንደምትነሳ እዪ፣ ፍጥነቷ የሚያስፈራው በዛ ምክንያት ነው። ኳስ ሳትይዢ ያለውን ሩጫ ከአሰልጣኝሽ ጋር ሥሪው፣ ከዛ ጻፊልን።